በሙኽታር ስም የተሰጠ ደም

ሬሳው የተኛው በትንሿ ሆስፒታል የመጨረሻ ክፍል ውስጥ ነው። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል፤ የደም ከረጢቱም ከነማንጠልጠያው እንዳለ ነው። ኢንስፔክተር ባየሽ በሩ ላይ ስትደርስ ከሁሉ በፊት የፈለገችው ወንበር ነበር። ከወባ ገና ማገገሟ ነው፤ ከሸሕዲ እስከ መተማ ዮሐንስ በሚኒባስ ስትንገጫገጭ ነው የመጣችው። ጥቅምት ገብቶ ደጋው በብርድ ሲንዘፈዘፍ፣ ይኸ ቆላ ግን ሰውን በቁሙ ይቀቅላል። ጡረታ የሚባለው ነገር ለሌላ ሰው እንጂ ለእሷ የሚደርስ አይመስላትም።

ሳጅን አምባው ወንበር አመጣላት። ነገሩን በባጃጅ ሲመጡ ነግሯታል። ሟቹ ሙኽታር ሷሊህ ይባላል፤ ሰሊጥ ያለማል፣ ይነግዳልም። ትናንት እርሻው ላይ ማጭድ ባቱን ቆረጠው። መኪናው እስኪደርስ ብዙ ደም ስለፈሰሰው ራሱን ስቶ ነው ያመጡት። ታናሽ ወንድሙ ሙነወር ደም ሰጠው፤ ደሙ መውረድ ከመጀመሩ ሙኽታር ሞተ። ነርሷ ትርሐስ ደሙን ከመስቀሏ በፊት በመርፌ መድኃኒት ሰጥታው ስለነበር፣ ከተማው «መርዛዋለች» ብሎ ተነሣባት። አሁን ጣቢያ ታስራለች፤ ነገ ጠዋት ጎንደር ትላካለች።

«ኮማንደሩ ፋይሉ ይዘጋ ብለዋል» አለ አምባው።

«ታዲያ እኔን ለምን ጠሩኝ?»

«ለፊርማ ነው።»

ባየሽ በረጅሙ ተነፈሰች። በዚህ እጇ ስንቱን ፈርማለች፤ ሳታይ ግን ፈርማ አታውቅም። ይህችን አንድ ነገር ደግሞ ለድካሟ አሳልፋ አትሰጥም። ተነሥታ አንሶላውን ገለጠች።

ከንፈሩ አብጧል። የዓይኑ ቆብ ተነፍቷል፤ ደረቱና አንገቱ ላይ ቆዳው ችፍ ብሏል። የባቱ ቁስል በደንብ ታሽጓል፣ ፋሻው ላይ አዲስ ደም የለም። ቀና ብላ ከረጢቱን አየችው። ከሙሉው የጎደለው ጥቂት ነው።

ዶክተር ለይኩን በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ወጣት ነው፤ ሌሊቱን እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል። የደሙ ዓይነት ተሳስቶ እንደሆነ ጠየቀችው። ከሞተ በኋላ ራሱ ደግሞ መርምሮታል፤ የሁለቱ ወንድማማቾች ደም ይስማማል። ትርሐስ የሰጠችው መድኃኒትም ያው የቁስል መድኃኒት ነው፤ ጠርሙሱ አለ፣ ከዚያው ጠርሙስ ለሌላ በሽተኛ ሰጥታ ምንም አልሆነም።

«እንግዲያ ምን ገደለው?»

«ደሙ ራሱ ነው። ሰውነቱ ተቆጣበት።»

«የወንድሙ ደም?»

ዶክተሩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ለሰው ማስረዳት የለመደ ነው፤ ቀስ ብሎ ነገራት። ሰውነት በሽታን የሚመክትበት ፀረ እንግዳ አካል የሚባል ነገር አለው፤ ዓይነቱም ብዙ ነው። አንደኛው ዓይነት አፍንጫን፣ ጉሮሮንና አንጀትን ይጠብቃል። አንዳንድ ሰው ግን ይኸ አንዱ ሳይኖረው ይወለዳል፤ ከዘርም ሊወርድ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው የሌላ ሰው ደም ሲሰጠው ያንን የማያውቀውን ነገር ያገኝበታል፤ ሰውነቱም ጠላት ገባብኝ ብሎ ይነሣል።

«ሁሉንም አይገድልም» አለ። «በጣም የሚፈራው ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ተሰጥቶት ተቆጥቶ ከነበረ ነው። ያኔ ሁለተኛው ቁጣ ትንፋሽ አይሰጥም።»

ይህን ሁሉ የሚያውቀው ደግሞ በምክንያት ነው። ዓምና እሱና ባልደረቦቹ ለጥናት ኮሮና ከጎዳቸው ቤተሰቦች ደም እየሰበሰቡ ነበር። በአንድ ቤት አንዱ ሲሞት ሌላው አስሎ ብቻ የሚነሣው ለምንድን ነው? ይኸ የሚወረሰው የመከላከያ ነገር እጁ ይኖርበት ይሆን? ጥናቱ ገና አላለቀም፤ እርግጠኛ የሆነ ሰውም የለም። የሙኽታር አባት ሐጂ ሷሊህ በኮሮና ሞተዋል። እናቱ መጂዳ ከሞት አፋፍ ነው የተመለሱት፤ ሲመረመሩ ያ ነገር የላቸውም። ዶክተሩ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ለቤተሰቡ ነግሯል፤ ይኸ የጎደለው ሰው የሌላ ሰው ደም እንዲሁ ዝም ብሎ እንዳይሰጠው ብሎ አስጠንቅቋል።

«ሙኽታርስ?»

«ሙሉ ነበር። ሙነወርም ሙሉ ነው። ባይሆንማ ኖሮ ደም አላዝለትም ነበር። እንዲያውም ከዚህ በፊት ደም ወስዶ ያውቃል ወይ ብዬ ጠይቄአለሁ፤ ቤተሰቦቹ የለም አሉኝ። ማን እንደመለሰልኝ አላስታውስም፣ በሩ ላይ ሰው በሰው ነበር።» ከረጢቱን አየና «ያው እኔ ነኝ የገደልኩት ማለት ነው» አለ።

ስለ ሙኽታር ምርመራ ሲናገር ግን ዓይኑን ከዓይኗ አሸሽቶ ነበር። ይኸ ልጅ አንድ የዋጠው ነገር አለ፣ አለች ባየሽ በልቧ። ለጊዜው ተወችው።

ደጅ ሙነወር ከወንዶቹ ጋር ቆሟል። ክንዱ ላይ የተለጠፈውን ጥጥ እስካሁን አላነሣውም፤ በጥፍሩ ይፍቀዋል። ወንድሙን ከአስር ሰላት በፊት መቅበር ፈልጓል። ባየሽ ማየት ያለባትን አይታለች፤ ውሰዱት አለች።

«ኢንስፔክተር» አላት ሙነወር ጠጋ ብሎ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ። «ልጅቱን ልቀቋት። ደሜ ነው የገደለው። እኔን እሰሩኝ።»

«ቅበርና ና» አለችው። ሌላ ምን ትበለው!

ጣቢያው በር ላይ አንድ ጎልማሳ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ማጭድ እግሩ ሥር አለ። ፈንቴ ይባላል፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የወረደ የቀን ሠራተኛ ነው። ማንም ሳይጠራው ነው የመጣው። ሙኽታር የታሰረ ሰሊጥ ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ማጭዱ ያገኘው በእሱ እጅ ነበር። ያየ ሰው ሁሉ ሳያስበው መሆኑን ይመሰክራል፤ እሱ ግን እንቅልፍ አልወሰደውም።

«እትየ፣ እኔ ነኝ የጨረስኩት» አላት። «እንዲያው ምን ዓይነት እጅ ነው ይኸ!»

አንድ በአንድ ጠየቀችው። ቁስለኛውን ተሸክሞ ሆስፒታል ያስገባው እሱ ነው፤ ከዚያ ለሌላው ዘመድ ለመንገር እየሮጠ ወጥቷል፣ ስለዚህ በሩ ላይ የተባለውን አልሰማም። ሌላ ግን የሰማው ነገር አለ። በዚያው ሰሞን ከሎሪው ጀርባ ጥላ ፈልጎ ተጋድሞ ሳለ ሙኽታር ከአንድ ሰው ጋር ይጨቃጨቃል። የሌላው ሰው ድምፅ ዝቅ ያለ ስለነበር ማን እንደሆነ አላወቀም። የሙኽታርን ግን ጥርት አድርጎ ሰምቷል።

«‹በእኔ ሎሪ ሰው ጭነህ በረሃ ላይ ጥለህ መጣህ። ልጆቹ ሞቱ። አዝመራው ይግባ እንጂ ለሕግ እናገራለሁ› ነው ያለው። እኔ የሰማሁት ይኸን ነው።»

«ሎሪውን ማን ይነዳዋል?»

«ወንድምየው ሙነወርም ይነዳል፣ የሚስቱ ወንድም ሽኩርም ይነዳል።»

ባየሽ ማጭዱን ለአምባው ሰጥታ ወደ ውስጥ ገባች። ትርሐስ ሲሚንቶው ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ነጭ ጋዋኗ ላይ የደረቀ ደም አለ። ተወልዳ ያደገችው ሌላ አገር ነው፣ እዚህ ዘመድ የላትም፤ ስንቅ ያመጣላትም አልነበረም። ይህ የባየሽን አንጀት በላው። አምባውን ውሃና ዳቦ እንዲያመጣ ላከችው።

ልጅቱ ያደረገችውን ሳትደባብቅ ነገረቻት። ሙኽታር ማበጥና መታፈን ሲጀምር ወዲያው ደሙን ዘጋች፤ የነበረችውን አንዲት የድንገተኛ መርፌ ወጋችው፣ ደረቱን ተጫነች። አልሆነም። እጁን እንደያዘች ነው የሞተው።

«ዶክተሩ ከዚህ በፊት ደም ወስዶ ያውቃል ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ። በመጋረጃው ወዲያ ሆነው ነው። እኔ በዚህኛው በኩል የሙነወርን ደም እየቀዳሁ ነበር። ‹ኧረ በጭራሽ› አለ አንድ ሰው።»

«ወንድ ነው?»

«ወንድ ነው። ፊቱን ግን አላየሁትም።» ከዚያ ቀና ብላ ጠየቀች፦ «ጎንደር ከሄድኩ የሚያምነኝ አለ?»

በዚህ ሰሞን ሰው ስም ብቻ ሰምቶ እንደሚፈርድ ባየሽም ታውቃለች፤ ሰልችቷታልም።

የሙኽታር ቤት ገበያው ጀርባ ነው። ግቢው ውስጥ በእንጨትና በሣር የተሠራ ሰፊ የጥላ ማረፊያ አለ፣ በአገሩ ቋንቋ ራኩባ የሚሉት፤ ለቀስተኛው እዚያ ተቀምጧል። ባየሽ ጫማዋን አውልቃ ወደ ሴቶቹ ገባች። የሟቹ እናት መጂዳ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ በድምፅ ነው ሰው የሚለዩ። ሚስቱ ረፊቃ ነጠላዋን ተከናንባ ጥግ ይዛለች። ባሏ የሞተባት ሴት ናትና የሐዘን ጊዜዋ እስኪፈጸም ከዚህ ቤት አትወጣም።

ባየሽ አልተጣደፈችም። ስለ ሟቹ ልጅነት ጠየቀች። መጂዳ በወለዱበት አልጋ ላይ ነበር የተቀመጡት፤ ምጡ ሌሊቱን ሙሉ እንዳሰቃያቸው፣ ልጁም ከሕፃንነቱ ጀምሮ አፍንጫው እንደማይደርቅ፣ ጆሮውና ሆዱም እንደማያርፉለት አወሩላት።

«ትልቅ ሰው ሆኖም አልተወውም» አለች ረፊቃ በቀጭን ድምፅ። «ኮሮናውም ክፉኛ ነው የጠናበት። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሳለ ያዘው፣ ሆስፒታል ተኛ። ፊቱ ሁሉ አብጦ ትንፋሽ አጥቶ ነበር አሉኝ። እኔ አራስ ነበርኩ፣ አብሬው አልሄድኩም። ምነው በሄድኩ!»

ማን እንዳላት ለመጠየቅ ባየሽ አፏን ስትከፍት፣ ሽኩር ውሃ ይዞ ገባ። የረፊቃ ታላቅ ወንድም ነው፤ ቀብሩን የሚያስተባብረው፣ እንግዳውን የሚያስተናግደው እሱ ነው። ለሁሉም ውሃ ሰጠና ነርሷ ዛሬውኑ ለምን እንዳልተላከች ጠየቀ። ሰው ገድሎ እንዲህ መቀመጥ አለ ወይ? ዶክተሩ ሲጠይቅ በሩ ላይ ማን እንደመለሰ ባየሽ ስትጠይቀው ሳያመነታ «ሙነወር ነው» አላት።

«ያንን የዓምናውን ደም አንተም ሰጥተሃል?»

«እኔ የዚህ ቤት ዘር አይደለሁም፣ እኔን ለምን ይፈልጉኛል?» አለና ትሪውን አንሥቶ ወጣ።

እናትየዋ ግን ያንን ቀን ወደውት ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ ካልሰጠ አይመዘገብም ስለተባለ እሳቸውና ረፊቃ እዚሁ ቤት ሰጡ፤ ሙነወር እርሻው ላይ ሰጠ፤ ሙኽታር ከተማው ትምህርት ቤት ሄዶ ሰጠ። ለሁሉም በነፍስ ወከፍ አንዳንድ አጎበር ታደለ። «ማንም አልቀረም» አሉ በኩራት። «እንዲያ ነው የነገሩኝ።»

ባየሽ ከመውጣቷ በፊት ዝቅ ብላ እጃቸውን ያዘች። ከቀብር በኋላ ቤተሰቡ ባለበት መናገር እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። ረፊቃ መውጣት ስለማትችል እዚሁ መሆን አለበት። ደግሞ ነርሷን ይዛት መምጣት ትፈልጋለች፤ እሳቸው ከፈቀዱ።

መጂዳ ፊታቸውን ወደ ድምጿ አዞሩ።

«የልጄን እጅ ይዛ ነበር አሉ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያ ትምጣ» አሉ።

ሙነወርን ከመቃብር ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘችው። እጁ ላይ አፈር አለ። ያን የደም መስጫ ቀን ወንድሙ የት እንደነበር ጠየቀችው።

«ገላባት ነበር። ጆንያ ሊገዛ ሱዳን ተሻግሮ እዚያው አደረ። ሲመለስ ሰጥቶ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ምነው?»

«ትናንት ዶክተሩ ከዚህ በፊት ደም ወስዶ ያውቃል ሲል አንተ ነህ የመለስክ?»

ሙነወር ግራ ገባው። ያን ጊዜ እሱ ተጋድሞ መርፌው ክንዱ ላይ ነበር። የጠየቀው ቢኖር እንኳ አልሰማም፤ ልቡ ወንድሙ ጋ ነበር። ባየሽ ትከሻውን ነካ አድርጋው ወደ ሆስፒታሉ ተመለሰች።

ዶክተር ለይኩን ቢሮው ውስጥ ራሱን ይዞ ተቀምጧል። በሩን ዘጋችበት። ጠዋት «እርስዎ» ትለው የነበረውን አሁን ተወችው።

«ስማ ልጄ፣ ደክሞኛል። ስለ ሙኽታር ደም የዋጥከውን ንገረኝ። አንዲት ሴት ነገ በሰንሰለት ትሄዳለች።»

ልጁ መጀመሪያ የሙያ ምስጢር ነው አለ። ቀጥሎ የቤተሰብ ክብር ነው አለ። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተነፈሰው። የጥናቱ የዘር ክፍል ውጤት የመጣው ቆይቶ ነው። የሙኽታር ስም ያለበት ደም ከእናቱ ከመጂዳም፣ ከወንድሙ ከሙነወርም ጋር አይዛመድም። የሚዛመደው ከረፊቃ ጋር ነው፤ የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች ሆነው ተገኙ።

«ባልና ሚስቱ እህትና ወንድም ናቸው ማለት ነው ብዬ ደነገጥኩ» አለ። «በሕፃንነቱ በማደጎ ተወስዶ፣ ሳያውቁ ተጋብተው… ሦስት ልጆች አሏቸው፣ ኢንስፔክተር። ይኸን ለማን አፍ አውጥቼ እነግራለሁ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።»

ባየሽ ከት ብላ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ያን ሁሉ የተማረ ልጅ ነው፤ ለሰው ነውር ተጨንቆ ሲደብቅ ነገሩ ሌላ ሊሆን እንደሚችል አልታየውም።

«እማ መጂዳ ሌሊቱን ሙሉ አምጠው እንደወለዱት ዛሬ ነግረውኛል» አለችው። «ተነሥ፣ አብረን እንሂድ።»

ፀሐይዋ ወደ ገላባት በኩል ስታዘቀዝቅ ራኩባው ሥር ተቀመጡ። ለቀስተኛው እንዲበተን ተደርጓል። መጂዳ መሐል ላይ ናቸው፣ ሙነወር አጠገባቸው። ዶክተሩ፣ ፈንቴና ሽኩር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ረፊቃ ከበሩ መጋረጃ ወዲያ ናት። ትርሐስን አምባው እጇ እንደታሰረ አምጥቶ ጥግ አስቀመጣት፤ ቀና ብላ ማንንም አላየችም።

«ብዙ አላወራም» አለች ባየሽ። «ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ሰዎች እኔ ነኝ የገደልኩት ብለውኛል። ፈንቴ በማጭዴ አለ። ሙነወር በደሜ አለ። ዶክተሩ በትእዛዜ አለ። ሦስቱም አልገደሉም። ትርሐስም አልገደለችም፤ መድኃኒቱ ደኅና ነው፣ የደሙም ዓይነት ልክ ነው። ሙኽታር ከእናቱ የወረሰው ነገር ነበረበት፤ የሌላ ሰው ደም አይችልም።»

«ምርመራው ሙሉ ነው ብሎ የለም?» አለ ሽኩር።

«የተመረመረው የእሱ ደም ቢሆን ኖሮ ነው። ደም በተሰጠበት ቀን ሙኽታር ገላባት ነበር። ሌላ ሰው ሄዶ በስሙ ሰጠለት።»

መጂዳ «ምን?» አሉ። ባየሽ ወደሳቸው ዞረች። እዚህ አገር የቀረን ሰው መሸፈን ነውር አይደለም፤ ለስኳርም ለዘይትም ሲመዘገብ «የሱን እኔ ልሙላለት» ይባላል፣ ይሞላል። ያን ቀንም ቤተሰቡ እንዳይጎድል፣ እናትየዋም እንዳያዝኑ፣ አንድ ሰው በደግነት ክንዱን ዘረጋ። ደም ግን ስምን አይቀበልም። ዶክተሩ ዘሩን ሲያየው ያ ደም የመጂዳ ልጅ አልሆነም፤ የረፊቃ ወንድም ሆነ።

መጋረጃው ተንቀሳቀሰ።

«ረፊቃ ስንት ወንድም አላት?» አለች ባየሽ። ሁሉም ሽኩርን ያየዋል።

ሽኩር አልካደም፤ እንዲያውም ትከሻውን ነቀነቀ። «ሰጠሁ፣ እና? ለሙኽታር ራሱ ነግሬው ስቋል። ይኸ ነፍስ መግደል ነው?»

«አይደለም። ያን ቀን ክፉ አላሰብክም፣ አምንሃለሁ። ዶክተሩ እዚህ መጥቶ ሲያስጠነቅቅም ተቀምጠህ ሰምተሃል፣ ያም ወንጀል አይደለም። ትናንት ግን በዚያ በር ላይ ቆመህ፣ ሙኽታር ጨርሶ እንዳልተመረመረ የምታውቅ አንተ ብቻ ነበርክ። ዶክተሩ ደም ወስዶ ያውቃል ወይ ሲል ‹ኧረ በጭራሽ› አልክ። ሙነወር ነው ያልከኝ ውሸት ነው። ሙነወር በዚያች ሰዓት መርፌው ክንዱ ላይ ነበር፤ የምትቀዳውም ይህችው ትርሐስ ናት።»

«በጭራሽ ብልስ? ደም ወስዶ አያውቅም፣ የማላውቀውን ልናገር ነው?»

ባየሽ ደከማት። የቀረው ነገር በእሷ እጅ እንዳልሆነ ታውቃለች። ሙኽታር ገዳሪፍ ሲታመም ፊቱ አብጦ እንደነበር ተናገረች። ዶክተሩ አቋረጣት፤ ኮሮና እንዲያ ፊት አያሳብጥም አለ። በዚያ ሰሞን ግን ከኮሮና የዳኑ ሰዎችን የደም ውሃ ለታመሙት ይሰቅሉላቸው ነበር፤ ያ ከተሰጠው የመጀመሪያው ቁጣ እሱ ነው።

«አብሮት የነበረው ያውቃል» አለች ባየሽ። «ሽኩር፣ ገዳሪፍ አብረኸው ነበርክ?»

«አልነበርኩም። ሾፌሮች ናቸው ያመጡት።»

ባየሽ ወደ መጋረጃው አላየችም፤ ማየቱ ማስገደድ መሰላት። ትርሐስን ብቻ አየች። ረፊቃም ከወዲያ ሆና ያቺን የታሰረች እጅ እያየች ነበር። ባሏ ዛሬ ተቀብሯል። የቀራት ወንድሟ ነው፤ አባት ሆኖ ያሳደጋት እሱ፣ የዳራትም እሱ ነው። ዝም ብትል የማታውቃት ሴት ነገ በመኪና ተጭና ትሄዳለች፣ እሷንም ማንም ምንም አይላትም። አፏን በነጠላዋ ጨብጣ ቆየች።

«ሽኩር» አለች በመጨረሻ።

«ዝም በይ አንቺ!»

«አንተ ነህ ያመጣኸው። አራስ ቤት ገብተህ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥክ። ቢጫ ውሃ የመሰለ የሰው ደም ሰቅለውለት ፊቱ እንደ ዱባ አበጠ፣ ባይነቅሉለት ኖሮ ሞቶ ነበር አልከኝ። እሱ ራሱን ስቶ ስለነበር አያውቅም፣ እንዳይደነግጥ አትንገሪው አልከኝ። ወላሂ አልነገርኩትም። እኔም እኮ ረስቼው ነበር። አንተ ግን አልረሳህም።»

ሽኩር መጀመሪያ እህቱን፣ ቀጥሎ መሬቱን አየ። ያ ሁሉ ቀጥ ያለ ትከሻ ወረደ።

የቀረውን ለአምባው ጣቢያ ነው የተናገረው። በሙኽታር ሎሪ ከሰሊጡ ሥር ሰው ያሻግር ነበር። በአንደኛው ጉዞ ፍተሻ ፈርቶ ልጆቹን በረሃ ላይ አራግፎ ተመለሰ፤ ሁለቱ በውሃ ጥም ሞቱ። ሙኽታር ደረሰበት፣ አዝመራው ሲገባ እናገራለሁ አለው። ሽኩር ሊገድለው አልተነሣም ነበር። ማጭዱን ያመጣው እሱ አይደለም፣ ደሙንም የሰጠው እሱ አይደለም። ጥያቄ ሲጠየቅ ብቻ አንዲት ቃል ተናገረ። ሕግ ይህን ምን ብሎ እንደሚጠራው ባየሽ ለዐቃቤ ሕግ ተወችው፤ እሷ ግን ስሙን ታውቀዋለች።

ሽኩርን ሲወስዱት መጋረጃው ወዲያ ለቅሶ ተሰማ። ጠዋት ካለቀሰችው ይብሳል። መጂዳ ተነሥተው በእጃቸው እየዳበሱ ወደ ምራታቸው ሊገቡ ነበር፤ ግን ቆሙ።

«ያቺ ልጅ አለች?»

«እዚህ ነኝ፣ እናቴ» አለች ትርሐስ። እጇ ተፈትቷል፤ ሰንሰለቱ የነበረበትን ታሸዋለች።

«ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሂጂና ረፍት አድርጊ።»

ትርሐስ አልሄደችም። ከመጣች ጀምሮ አንድ ነገር እያየች ነው። ሙነወር ክንዱን ሲፍቀው ውሎ የመርፌው ቦታ ቀልቷል፣ አብጧል፤ ደም ይንጠባጠባል። ሄዳ አጠገቡ ተንበረከከች። ክንዱን ሊያስለቅቃት ሞከረ።

«ተወው ይፍሰስ» አላት። «ይኸ ደም ምን ያደርግልኛል?»

«ያመረቅዛል፣ አምጣው» አለችና በጋዋኗ ንጹሕ ጫፍ ተጭና ያዘችው።

መጂዳ የሁለቱን ድምፅ ተከትለው መጡ። የልጃቸውን ክንድ ፈልገው አገኙት፣ በላዩም የትርሐስን እጅ አገኙ። አላነሱትም። እጃቸውን ደረቡበት።

«ወንድምህ ቢያውቅ ይቀበልህ ነበር» አሉት። «ሙሉ ደም ነው የሰጠኸው። የበደለው ሌላ ነው።»

ሙነወር ያኔ ነው ያለቀሰው። ጠዋትም መቃብር ላይም አላለቀሰም ነበር።

ባየሽ ጫማዋን ፈልጋ አጠለቀች። አምባው ከግቢው ውጭ ፋይሉን ይዞ ጠበቃት፤ ኮማንደሩ ደውለዋል፣ ፊርማው ምን ደረሰ ብለዋል። ብዕሩን ተቀበለችው፤ የነርሷን ስም በአንድ መስመር ሰርዛ ፈረመች። የሸሕዲው የመጨረሻ ሚኒባስ ሳይሄድባት እንዲያደርሳት አምባው ባጃጅ ጠራላት።